ሳቅና ለቅሶ በአንድ መድረክ፦ የትራጂኮሜዲ ዳሰሳ

ትራጂኮሜዲ ሐዘንና ሳቅ በአንድ ተውኔት ውስጥ አብረው የሚሄዱበት የቴአትር ዓይነት ነው። አንዳንዱ ተውኔት ሞት አፋፍ ድረስ ሄዶ በደስታ ያልቃል። ሌላው እስከ መጨረሻው መራራ ነው፤ መሐል ላይ ግን ተመልካቹን በሳቅ ያፈርሰዋል። ሁለተኛው በጥብቅ አነጋገር ትራጄዲ ቢባልም፣ ስለ ቅይጡ የተደረገው ክርክር የሞቀው በእሱ ላይ ስለሆነ እዚህ አብሮ ይታያል። የክርክሩ ፍሬ ነገር፣ ሳቁ ሐዘኑን ያረክሰዋል ወይስ ያከብደዋል የሚለው ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጥንታዊቷ አቴና ትራጄዲና ኮሜዲ በይፋ የተለያዩ ነበሩ። ያም ሆኖ የወይን አምላክ በሆነው በዲዮኒሶስ በዓል የሚወዳደር የትራጄዲ ደራሲ ሦስት ትራጄዲ ካቀረበ በኋላ፣ በአራተኛነት ሳቲር የሚባል ቧልት ያስከትል ነበር። ተሟልቶ የደረሰን የሳቲር ተውኔት የዩሪፒዲስ «ሳይክሎፕስ» ብቻ ነው።

ይኸው ዩሪፒዲስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ438 ዓመት፣ በሳቲሩ ቦታ «አልሴስቲስ»ን ይዞ ቀረበ። ንጉሥ አድሜቶስ ሊሞት ነው፤ በእሱ ፈንታ የሚሞት ካገኘ ግን ይተርፋል። ያረጁት አባትና እናቱ እምቢ ይላሉ። ሚስቱ አልሴስቲስ እሺ ብላ ትሞትለታለች። ቤቱ ለቅሶ ላይ እንዳለ ኃያሉ ጀግና ሄራክልስ በእንግድነት ከተፍ ይላል። አድሜቶስ እንግዳ መመለስ ነውር ስለሚሆንበት፣ የሞተችው ማን እንደሆነች ደብቆ ያስገባዋል። ሄራክልስ አክሊል ደፍቶ ይበላል፣ ይጠጣል፣ እየጮኸ ይዘፍናል። አገልጋዩ ፊቱን ቋጥሮ ያስተናግዳል። ሄራክልስ ይባስ ብሎ ሁሉም ሰው ሟች ነውና ጠጣ፣ ተደሰት እያለ ይመክረዋል። ለቅሶ ቤት ገብቶ መዝፈን ምን ማለት እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። አገልጋዩ እውነቱን ሲያፈርጠው ግን ስካሩ ብን ብሎ ይጠፋል። ሄራክልስ ወደ መቃብሩ ሄዶ ከሞት ጋር ይታገልና ሴትዮዋን ይዞ ይመለሳል። ያ ሁሉ ዘፈን ባይኖር ድንጋጤው እንዲህ ባልከበደ። በውድድሩ ሶፎክልስ አንደኛ፣ ዩሪፒዲስ ሁለተኛ ወጡ።

በፕላቶን «ሲምፖዚየም» መዝጊያ ላይ ሶቅራጥስ፣ ትራጄዲ የመጻፍ ጥበብ ያለው ሰው ኮሜዲም መጻፍ መቻል አለበት ብሎ ይሟገታል። አድማጮቹ የትራጄዲው ጸሐፊ አጋቶንና የኮሜዲው ሊቅ አሪስቶፋነስ ናቸው። ሁለቱም ሲሰሙ ያድሩና እንቅልፍ ይጥላቸዋል። አርስቶትል በበኩሉ በ«ፖየቲክስ» ድንበሩን አጠበቀ፤ ጥሩው ሰው ተክሶ ክፉው ተቀጥቶ የሚያልቅ ታሪክ ለኮሜዲ የሚስማማ ነው አለ።

በሮም ፕላውተስ «አምፊትሩዮ» በተባለው ተውኔቱ መግቢያ ላይ ሜርኩሪ የተባለውን አምላክ እንዲናገር ያደርጋል። አማልክትና ነገሥታት ስላሉበት ሙሉ ኮሜዲ፣ ባሪያም ስላለበት ሙሉ ትራጄዲ ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ ትራጂኮሜዲ ይሁን ይላል። ስሙ የመጣው ከዚህ ነው። በመካከለኛው ዘመን ደግሞ ስለ ክርስቶስ ልደት የሚተርክ አንድ የእንግሊዝ ተውኔት የበግ ሌባ አስገብቶ፣ የተሰረቀውን በግ በሕፃን አልጋ ውስጥ አስተኝቶ ምእመናኑን አስቋል።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጸቡ እንደገና ፈላ። በኢጣሊያ ጓሪኒ በ1590 «ታማኙ እረኛ» የተባለ ትራጂኮሜዲውን አሳትሞ ከሊቃውንት ጋር ተናቆረ። በእንግሊዝ ፊሊፕ ሲድኒ በ1595 በታተመው ጽሑፉ ነገሥታትን ከቀልደኞች ጋር የሚቀላቅሉትን ተውኔቶች ዲቃላ ብሎ አጣጣለ። በስፔን ሎፔ ደ ቬጋ በ1609 የለም፣ ተፈጥሮም የምታምረው በዓይነቷ ብዛት ነው ብሎ መለሰ። በፈረንሳይ የኮርኔይ «ለ ሲድ» በ1637 ትራጂኮሜዲ ተብሎ ወጣ፤ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ዳኛ እስከሆነው የፈረንሳይ አካዳሚ ድረስ የደረሰ ውዝግብ ተነሣበት፤ በ1648 ደራሲው ራሱ ስሙን ወደ ትራጄዲ ቀየረው። እነዚህ ሁሉ ግን የደንብ ክርክሮች ናቸው። ቅይጡ በተግባር ምን እንደሚሠራ ያሳየው ሼክስፒር ነው።

በ«ማክቤዝ» ንጉሥ ዱንካን ገና መገደሉ ነው። የገዳዮቹ፣ የማክቤዝና የሚስቱ፣ እጅ ደም እንደነካ ነው። በሩ ይንኳኳል። ተንደርድሮ የሚመጣ የለም፤ ሌሊቱን ሲጠጣ ያደረ በር ጠባቂ እየተጎተተ ይወጣና፣ ራሱን የገሃነም በረኛ አድርጎ ማን ማን እንደሚገባ እየቆጠረ ይቀልዳል። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ኮለሪጅ ይህን ትዕይንት የጻፈው ሌላ ሰው ነው ብሎ ነበር፤ ዛሬ ይህን የሚቀበል እምብዛም የለም። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ደ ኩዊንሲ በ1823 ስለ በሩ መንኳኳት የጻፈው እጅግ ይሻላል፦ ግድያው ሲፈጸም ዓለም ቀጥ ብላ ቆማ ነበር፤ ኳኳታው ሕይወት መመለሷን ያበስራል፤ የሆነው ነገር ምን ያህል አስፈሪ እንደነበር የሚገባን ያኔ ነው። የመድረክ ሰዎች አንድ ምክንያት ይጨምራሉ። ማክቤዝን የሚጫወተው ተዋናይ ደሙን ታጥቦ፣ ልብስ ቀይሮ የሚመለስበት ጊዜ ይፈልጋል። ሰዓት አጠረኝ ብሎ በር ጠባቂውን የሚቆርጥ አዘጋጅ ሁለቱንም ያጣል።

በ«ሐምሌት» አምስተኛ ገቢር መቃብር ቆፋሪው እየዘፈነ አጥንት ያወጣል። ሐምሌት መቃብሩ ለየትኛው ሰው እንደሆነ ይጠይቀዋል። ለወንድ አይደለም። ለሴትስ? ለሴትም አይደለም፤ ሴት ለነበረች፣ አሁን ግን ለሞተች ናት ይለዋል ቆፋሪው። ተመልካቹ ይስቃል። ሐምሌት ግን ጉድጓዱ የሚቆፈረው ለሚወዳት ለኦፌሊያ መሆኑን አያውቅም። ጥቂት ቆይቶ ሬሳዋ ይመጣል። የሳቅነው በእሷ መቃብር ላይ መሆኑ የሚገባን ያን ጊዜ ነው። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ቮልቴር ይህን ትዕይንት አጥብቆ ነቅፎታል። ታላቁ ተዋናይ ዴቪድ ጋሪክም በ1772 ቆፋሪዎቹን ከነጭራሹ አውጥቷቸዋል።

«ንጉሥ ሊር» ላይ ቀልዱ ከንጉሡ አጠገብ አይጠፋም። ሊር መንግሥቱን ለሁለት ልጆቹ አካፍሎ ባዶ እጁን ቀርቷል። አጫዋቹ አንድ እንቁላል ስጠኝና ሁለት ዘውድ ልስጥህ ይለዋል። እንቁላሉን ለሁለት ሰንጥቆ ውስጡን ይበላና፣ የቀሩት ሁለት ቅርፊቶች ሁለት ዘውድ ይሆናሉ። ዘውዱን ከፍሎ ለሰጠ ሰው ከዚህ የባሰ ስድብ የለም፤ ደፍሮ የሚናገረውም አጫዋቹ ብቻ ነው። ሚናው በ1600 አካባቢ ወደ ሼክስፒር ቡድን ለገባው ለሮበርት አርሚን የተጻፈ ነው ተብሎ ይታመናል። ከሦስተኛው ገቢር በኋላ አጫዋቹ የት እንደደረሰ ሳይነገር ይጠፋል። እሱንና የሊርን ሦስተኛ ልጅ ኮርዴሊያን አንድ ተዋናይ ይጫወታቸው ነበር የሚሉ አሉ፤ ግምት ነው።

ባለቅኔው ናሁም ቴት በ1681 «ሊር»ን «አስተካክሎ» ጻፈ። አጫዋቹን ሰረዘ፤ በሼክስፒር ተውኔት የምትሞተውን ኮርዴሊያን አትርፎ ኤድጋር ለተባለው የመኳንንት ልጅ ዳራት። የለንደን ተመልካች ከመቶ ዓመት በላይ ያየው ይህንኑ ነው። አጫዋቹ ወደ መድረክ የተመለሰው በ1838 በተዋናዩ በማክሬዲ ዝግጅት ሲሆን፣ የተጫወተችውም ሴት ነበረች፤ ፕሪሲላ ሆርተን። በ1765 ሐያሲው ሳሙኤል ጆንሰን የሼክስፒር ሥራዎች ትራጄዲም ኮሜዲም አይደሉም፣ አንዱ ወዳጁን ሲቀብር ሌላው ወደ መጠጡ የሚሮጥበትን ዓለም የሚያሳዩ ናቸው ብሎ ተከራክሮላቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለው አጭር ነው። ቪክቶር ሁጎ በ1827 ቅይጡን የዘመናዊ ድራማ መሠረት አደረገው። በ1904 ቼኾቭ «የቼሪ አትክልት»ን ኮሜዲ ነው ሲል፣ አዘጋጁ ስታኒስላቭስኪ ትራጄዲ አድርጎ አየው። ቤኬትም በ1953 ፓሪስ ላይ የታየውን «ጎዶን ጥበቃ» በእንግሊዝኛ ሲያወጣው በሁለት ገቢር የቀረበ ትራጂኮሜዲ አለው።

በአገራችን ዘመናዊ ቴአትር የተጀመረው በኮሜዲ ነው። የተክለ ሐዋርያት «ፋቡላ» የአውሬዎች ቀልድ መስሎ የመንግሥትን ብልሽት የሚነካ ነበር። ሼክስፒር ወደ አማርኛ ሲመጣ ግን ቀድመው የገነኑት ትራጄዲዎቹ ናቸው፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ን፣ «ሐምሌት»ንና «ማክቤዝ»ን ተርጉሟል። እነዚህን ተውኔቶች ዛሬ ለመድረክ የሚያዘጋጅ ሰው፣ ለበር ጠባቂውና ለመቃብር ቆፋሪው ለንጉሡ የሚሰጠውን ያህል ብርቱ ተዋናይ ይምረጥላቸው።