ኩለር ሲከፈት መስኮት አይዘጋም

አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ በገባሁ በመጀመሪያው ሐምሌ፣ የተከራየሁት ቤት መስኮት ላይ ትልቅ ሳጥን ተገጥሞ አገኘሁ። ስዋምፕ ኩለር ይሉታል። እኔ ኤሲ መሰለኝ። በርና መስኮቱን ጥርቅም አድርጌ ለቀቅኩት። ሰዓት ሳይሞላ ቤቱ ሽሮ ሲንተከተክ የዋለበት ማድቤት መሰለ፤ አንሶላው ሳይቀር እርጥብ እርጥብ አለ። ዛሬም አዲስ የሚመጣ ሰው ያንኑ ሲያደርግ አያለሁ። ስለ ኩለር በስህተት ሲባል የምሰማውን አንድ በአንድ እንየው።

“መስኮት ከተከፈተ ቅዝቃዜው ይወጣል”

ለኤሲ እውነት ነው፤ ያንኑ የቤት አየር እያዞረ ነው የሚያቀዘቅዘው። ኩለር ግን የውጭውን ደረቅ አየር ስቦ በረጠበ ፓድ (ውሃ በሚይዝ፣ አየር በሚያሳልፍ ወፍራም ንጣፍ) ውስጥ ያሳልፈዋል። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ከአየሩ ይወስዳል። እንስራ ውስጥ ያደረ ውሃ የሚቀዘቅዘውም በዚሁ ነው፤ ሸክላው ያላበው ውሃ ስለሚተን። የገባው አየር መውጫ ካጣ እርጥበቱ ቤት ውስጥ ይታመቃል።

እኔ ከኩለሩ ራቅ ያለውን መስኮት አራት ጣት ያህል እከፍታለሁ። ከዚያ ሶፍት ይዤ ወደ ክፍተቱ አስጠጋለሁ። የመስኮቱ ወንፊት ላይ ልጥፍ ካለ አየሩ እየወጣ ነው። በሮች በራሳቸው ጓ እያሉ የሚዘጉ ከሆነ መውጫው ጠቧል። መኝታ ቤቱ እንዲቀዘቅዝ ከፈለጋችሁ የመኝታ ቤቱን መስኮት ክፈቱ፤ አየሩ የሚሄደው ወደ ተከፈተለት ነው። ቡና ሲፈላ የዕጣኑንም ጭስ ጠራርጎ ያወጣዋል። አማቴ ኩለሩን የማይወዱት በዚህ ብቻ ነው።

“የትም አገር ይሠራል”

ዱባይ ያለችው እህቴ “እኔም ልግዛ?” ብላኝ ነበር። ተይው አልኳት። ጅቡቲም ምጽዋም ያው ነው፤ ባሕር አጠገብ አየሩ ድሮውንም ውሃ ጠግቧል። 35 ዲግሪ ሙቀትና 15 በመቶ እርጥበት ባለበት ቀን ጥሩ ኩለር ወደ 21 ዲግሪ ግድም የወረደ አየር ይሰጣል። እርጥበቱ 60 በመቶ ከሆነ 29 ላይ ይቀራል። ዴንቨርም ዝናብ ዝናብ ባለው ቀን ይለግማል።

“በረዶ ቢጨመርበት ይበልጥ ያቀዘቅዛል”

1 ሊትር ውሃ ሲተን የሚወስደው ሙቀት፣ 1 ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ ከሚወስደው 7 እጥፍ ይሆናል። በረዶውን ለመጠጣችሁ አስቀምጡት።

“ከኤሲ ጋር አብሮ ቢሠራ ይሻላል”

ኤሲው ከአየሩ ውሃ ያወጣል፣ ኩለሩ ይጨምራል። እነሱ ሲጣሉ መብራት የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ለብቻው ሲሠራ ግን ኩለር የኤሲን ሩብ ያህል መብራት ነው የሚበላው፤ ማራገቢያና ትንሽ ፓምፕ እንጂ ሌላ የለውም።

“ውሃ እስካለው ድረስ ሌላ ነገር አይፈልግም”

ውሃው ይተናል፣ በውስጡ ያለው ማዕድን ግን ይቀራል። ውሃ የሚፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ፓዱ ላይ ይጋገራል። መጥፎ ሽታ ካለም ከሥር ባለው የኩለሩ ገንዳ ውስጥ ከረጋ ውሃ ነው የሚመጣው። ገንዳውን በየጊዜው ደፍታችሁ እጠቡት፤ ቅርፊት ይዞ የደረቀውን ፓድ ቀይሩት። ስትከፍቱ መጀመሪያ ፓምፑን ብቻ ልቀቁ፣ ፓዱ በደንብ ሲርስ ማራገቢያውን። ማታ ውጭው ሲበርድ ፓምፑን ማጥፋት ነው፤ ማራገቢያው ብቻውን ይበቃል።

“ፓዱ አየሩን ያጣራል”

አቧራ ትንሽ ይይዛል። የሰደድ እሳት ጭስ ግን አያስቀርም። ተራራው ላይ ጫካ ሲቃጠል ኩለሩ ጭሱን እየሳበ ቤት ያስገባላችኋል። ያን ቀን ኩለሩን አጥፉ፣ መስኮቱንም ዝጉ።