ታላቅን ማክበር፣ ራስን ማክበርና ምስጋና በጎጃም

ጎጃም ዓባይ የዞረው የጤፍ አገር ነው። በቅኔውም የታወቀ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚዳስሰው ግን የሰዉን አኗኗር ነው፦ ታላቁን እንዴት እንደሚያከብር፣ ራሱንም እንዴት እንደሚያስከብር፣ ውለታንም በምን እንደሚመልስ።

ታላቅ ሰው ሲገባ የተቀመጠው ሁሉ ብድግ ብሎ "ኖር!" ይላል። እንግዳውም "በእግዜር!" ብሎ ያስቀምጣቸዋል። በሬ የሌለው አዛውንት ቢገባም ባለ ብዙ ጥማዱ ጎልማሳ ይነሳለታል። ልጅ ጉልበት ስሞ ይመረቃል፤ እንግዳ ያስታጥባል፤ የሰጡትን በሁለት እጁ ይቀበላል።

ነገሩ የጨዋነት ብቻ አልነበረም። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ መሬት በርስት ይያዝ ነበር። ርስት ለመጠየቅ ትውልድን እስከ አቅኚው አባት መቁጠር ያስፈልግ ነበር። ቆጠራውን አሳምረው የሚያውቁት ደግሞ ሽማግሌዎች ነበሩ። የአንድ አዛውንት ምስክርነት ማሳ ያስገኝ፣ ማሳም ያሳጣ ነበር። ድሃው ቢሆን "ርስተኛ ነኝ" ካለ አንገቱን አይደፋም ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ጎጃም ያመፀበት አንዱ ምክንያት ርስቱ እንዳይነካበት ስለ ሰጋ ነው። ሸማኔውና ቀጥቃጩ ግን ከዚህ ክብር ተገልለው ኖረዋል፤ ይህ መነገር አለበት።

ታላቅን ማክበር፣ ራስን ማክበርና ምስጋና ሦስቱም በአንድ ሰው ላይ የሚታዩት የቆሎ ተማሪው ላይ ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ ስማቸው የገነነው በቅኔ ነው። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ የሚሆን ዱላ ይዞ በየደጁ "በእንተ ስማ ለማርያም" ይላል። የባለጸጋ ልጅም ይለምናል፣ ልመናው የትምህርቱ አካል ነውና። እመቤቲቱ እንጀራውን አጥፋ ትወጣለች። ተማሪው አኩፋዳውን ከፍቶ ዝቅ ብሎ ይቀበላል፤ "ስለ ማርያም" ብላ ትሰጣለች፣ መርቆ ይሄዳል። ተለማኝዋ አትኮራም፣ ለማኙም አያፍርም። የሰጠችው እንጀራ ነው፣ የመለሰላት ምርቃት ነው፤ ሂሳቡ እዚያው ደጃፍ ላይ ይዘጋል። ማታ ከየኔታ ፊት ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይቆማል። ያው ድሃ ተማሪ ቅኔ ሲዘርፍ ደግሞ ሹሙን በሰም አሞግሶ በወርቅ ይወቅሰዋል። ታላቅን ሳያዋርዱ ራስን ማስከበር ማለት ይህ ነው፤ ከዚህ የሠለጠነ ወቀሳ ሌላ ቦታ አላየሁም።

በደርግ ዘመን ርስቱ ቀርቷል፤ "ኖር" ግን አልቀረም።

"አክብሮት ሳይሆን ፍርሃት ነው" የሚሉ አሉ። ልጅ በታላቆች መሃል አፉን እንዲይዝ መደረጉን፣ ምራት ሁሉን ታግሣ ማደሯን ያነሳሉ። ምራትን በተመለከተ እውነት አላቸው። ሽምግልናውን ግን ፍርሃት ነው ማለት ከባድ ነው። ደም የተቃባ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳዩ ወገን እግር ሥር ሲወድቅ፣ ተበዳይን ለይቅርታ የሚያበቃው የሽማግሌዎቹ ልመና ነው እንጂ ዱላቸው አይደለም።

ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ላይ ሰላምታው አጥሯል፤ በታክሲ ለአዛውንት ቦታ መልቀቅ ግን አሁንም አለ። ሀብታም አገር የሄደ ልጅ ለእናቱ ብር ሲልክ "አመሰግናለሁ" አትለውም። "እግዜር ያክብርልኝ፣ እድሜህን ያርዝመው፣ ክፉ አይንካህ" ትለዋለች፣ አንድ በአንድ። እሱም ከሥራ ቦታው ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ በየመሃሉ "አሜን" ይላል።