ማንን ገደሉበት? የካራቴ የበቀል ፊልም በጎጃም

በጎጃም ከተሞች ላደገ ሰው ካራቴ የስፖርት ስም ብቻ አይደለም። የፊልም ዓይነት ነው። የሆንግ ኮንግ ኩንግ ፉም፣ የታይላንድ የእርግጫ ቦክስም፣ የጃፓን ሰይፍም ሁሉም "ካራቴ" ይባላሉ። ታሪኩም ያው አንድ ነው። መጀመሪያ ሰው ይገደላል። የተረፈው ልጅ ይሸሻል። መምህር ያገኛል፣ መከራውን ያያል፣ ይጠነክራል። ከዚያ ይመለሳል።

ይህ ታሪክ ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ሁለት ትውልድ አግዳሚ ላይ አስቀምጧል። "ዱላ የሚወድ ሕዝብ ነው" ብሎ መገላገል ይቻላል። እኔ ግን አልቀበለውም። ድብድቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ የቡጢ ግጥሚያ ይበቃ ነበር።

ቪዲዮ ቤቶቹ በ1990ዎቹ መብራት በገባባቸው የጎጃም ከተሞች የተለመዱ ነበሩ። ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ዳንግላ፣ ሞጣ፣ ቢቸና። ቤቱ ብዙ ጊዜ ጭቃ ቤት ነው። መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት ይደፈናል። በሩ ላይ ጥቁር መጋረጃ ይንጠለጠላል። አግዳሚው በባህር ዛፍ አጣና የተመታ ነው። ፊት ለፊት ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ ዴክ፣ በኋላ ደግሞ የሲዲ ማጫወቻ። ውጭ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የፊልሙ ስምና ሰዓቱ ይጻፋል። ስሙ ካልታወቀ "አሪፍ ካራቴ" ተብሎ ይታለፋል። ድምፅ ማጉያው የሚቀመጠው ደጅ ነው። መክፈያ ያጣ ልጅ ግድግዳውን ተደግፎ ቡጢውን ይሰማል።

በገበያ ቀን ግቢው ሌላ መልክ ይይዛል። የገጠር ጎረምሶች እህል ወይም ዶሮ ሸጠው ይመጣሉ። አረንጓዴ ቁምጣ፣ ትከሻ ላይ ጋቢ፣ እጅ ላይ ዱላ። ዱላ ይዞ መግባት አይፈቀድም። በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ይደገፋል። ሃያ ሠላሳ ዱላ ተደርድሮ ማየት ለእኔ የልጅነቴ ትልቁ ሥዕል ነው። ሰው ሲወጣ ከዚያ ሁሉ መሀል የራሱን ዱላ ሳይሳሳት ያነሳል። አንዳንዱ ግን እጁ ላይ ካገባው በኋላ ትንሽ ቆም ይልና ያዞረዋል። ከአንድ ሰዓት በፊት ያስቀመጠው ዱላ አልመስል ብሎታል።

ውስጥ ያለው ሰው የራሱ ቋንቋ ነበረው። ጀግናው "አክተሩ" ነው። ዋናው ጠላት "ቦሱ" ነው። በጭንቅላት መምታት ቴስታ፣ በእግር ካልቾ። "አክተር አይሞትም" የሚባል ሕግም ነበር። አርፍዶ የገባ ሰው በጨለማው ውስጥ ቦታ እየዳበሰ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። "ማንን ገደሉበት?" አጠገቡ ያለው ሰው ከቴሌቪዥኑ ዓይኑን ሳይነቅል "አባቱን" ወይም "ወንድሙን" ይለዋል። በቃ። ፊልሙ ገባው። ንግግሩ ቻይንኛ ይሁን እንግሊዝኛ ግድ የለውም። ማን እንደሞተበት ያወቀ ሰው የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል።

የፊልሞቹ አባት አገር ሆንግ ኮንግ ነው። ሾው ብራዘርስ የተባለው ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ1967 በዳይሬክተር ቻንግ ቼ "አንድ እጁ ሰይፈኛ" የሚባለውን ፊልም አወጣ። አባቱ መምህሩን ሲያድን የሞተበት ልጅ በዚያው መምህር ቤት ያድጋል። የመምህሩ ልጅ ቀኝ እጁን በሰይፍ ትቆርጠዋለች። ከሞት ያተረፈችው ገበሬ ግማሹ የተቃጠለ የሰይፍ መጽሐፍ ትሰጠዋለች። ከእሳት የተረፈው የግራ እጁ ክፍል ነው። በዚያ ይማራል። ይህ ፊልም በሆንግ ኮንግ ብቻ ከአንድ ሚሊዮን የአገሩ ዶላር በላይ አስገባ። ከዚያ በኋላ የበቀል ፊልም እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደ።

ብሩስ ሊ የመጣው በዚህ መሀል ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1940 ሳን ፍራንሲስኮ ነው። በ1973 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ሲሞት ገና 32 ዓመቱ ነበር። ቁመቱ 1.72 ሜትር አካባቢ፣ ቀጭን ሰው። ኮከብ ሆኖ የሠራቸው የኩንግ ፉ ፊልሞች በጣት የሚቆጠሩ መሆናቸው እንደ ብዙ ሰው እኔንም ይገርመኛል። በ1972 የወጣው "የቁጣ ቡጢ" ውስጥ መምህሩ በመርዝ የተገደለበት ተማሪ ነው። ቦታው ሻንጋይ፣ ባላጋራዎቹ ጃፓኖች ናቸው። በቀሉን ይፈጽማል። ግን ትምህርት ቤቱን ለማዳን ራሱን አሳልፎ ይሰጣል። በመጨረሻ ጠመንጃ ወደደገኑበት ሰዎች እየሮጠ ሲዘል ምስሉ አየር ላይ ይቆማል። የተኩስ ድምፅ ይሰማል። "አክተር አይሞትም" ያለው ቤት ያን ቀን ዝም ይላል።

ጎጃሜው ይህን ለምን ወደደው? እኔ መልሱን የማገኘው ከድብድቡ ሳይሆን ከመሀሉ ክፍል ነው። ከልምምዱ።

"36ኛው የሻውሊን ክፍል" የሚባለውን እ.ኤ.አ. የ1978 ፊልም እንውሰድ። ወዳጆቹንና ቤተሰቡን የገደሉበት ወጣት ወደ ሻውሊን ገዳም ይሸሻል። ወዲያው ቡጢ አያስተምሩትም። አንድ ዓመት ሙሉ ሲጠርግና ሲላላክ ይቆያል። መማር ሲጀምርም ክንዱ ላይ ቢላ ታስሮ ውሃ ይቀዳል። ክንዱን ዝቅ ካደረገ ጎኑን ይወጋዋል። ክፍል በክፍል ይወጣል፣ ይወድቃል፣ ይደግማል። ስለ ተማሪነት ከተሠሩ ፊልሞች ሁሉ ለእኔ ይህ ይበልጣል።

አሁን ይህን ለጎጃም ሰው ንገሩት። የአብነት ትምህርት ቤቶቹን፣ ዲማ ጊዮርጊስን፣ ዋሸራን፣ ጎንጅን ለሚያውቅ ሰው። በልጅነቱ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ ከእናቱ ቤት የጠፋ ዘመድ የሌለው ሰው እዚህ አገር ጥቂት ነው። የቆሎ ተማሪ ለየኔታ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል። "በእንተ ስማ ለማርያም" ብሎ ይለምናል፣ ውሻ ይነክሰዋል፣ ብርድ ይመታዋል። ቅኔው የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንዱ የኔታ ያላቸው ሲያልቅ ሌላ መምህር ፍለጋ አገር ያቋርጣል። ፊልሙ ላይ ነጭ ጺም ያለው ሽማግሌ ብቅ ሲል እኛ ቤት ውስጥ "የኔታ መጡ" ይባል ነበር። ቀልድ አልነበረም። ሽማግሌው ተማሪውን በበትር ጀርባውን ሲመቱት የሚስቅ አልነበረም። "ይማራል" ይላል አንዱ። ሌላው ራሱን ይነቀንቃል።

ስለዚህ ፊልሙ ለጎጃም ተመልካች ባዕድ አልነበረም። ልብሱና ቋንቋው እንጂ መንገዱ የታወቀ ነው። ከቤት መውጣት፣ መታዘዝ፣ መታገስ፣ ሰው ሆኖ መመለስ።

ሁለተኛው ነገር ደም ነው። ይህን ስጽፍ እጠነቀቃለሁ፤ በጎጃም ገጠር ደመኛ የሚባል ነገር ተረት አይደለም። "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም" ይባላል። ቻይናዎችም "ለጨዋ ሰው በቀል አሥር ዓመት ቢቆይ አይዘገይም" የሚል ተረት አላቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታደርጋቸው አንድ ሽማግሌ የተናገራቸው ይመስላሉ።

የበላይ ዘለቀን የልጅነት ታሪክ ማን ያልሰማ አለ? አባቱ ዘለቀ ላቀው የልጅ ኢያሱ ሰው ነበሩ። ሊይዟቸው ከመጡት ጋር ሲታኮሱ ተገደሉ። በላይ ከወንድሙ ከእጅጉ ጋር የአባቱን ደም እያሰበ፣ ኢላማ እየተለማመደ አደገ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገሩን ሲወር ያ ሁሉ ልምምድ ወደ ሌላ ጠላት ዞረ። የአባት ደም የአገር ደም ሆነ። አምስቱን ዓመት የተዋጋው አባ ኮስትር በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ይህን ከአያቱ አፍ የሰማ ልጅ የሆንግ ኮንግ ፊልም ሲያይ ምን ሊያደናግረው ይችላል?

ሆኖም ፊልሙና ሕይወት የሚለያዩበት ቦታ አለ። በሕይወት ነፍስ ሲጠፋ ሽማግሌ ይገባል። ታቦት ይለመናል፣ ካህናት መስቀል ይዘው ይቆማሉ። ካሳ ይከፈላል፣ ደም ይደርቃል። ይህ ካልሆነ የገዳዩ ልጅ ይፈለጋል፣ ከዚያ የልጁ ልጅ። መሬት ጦም ያድራል። ሰው ገበያ መውጣት ይፈራል። ፊልሙ ላይ ግን ቦሱ ልጅ የለውም። ወንድም የለውም። ሲወድቅ የሚያለቅስለት እናት አትታይም። ደሙ እዚያው ያልቃል፣ ሙዚቃው ይመጣል፣ መብራት ይበራል። በልቡ የታመቀ ነገር ላለበት ሰው ይህ ትልቅ እረፍት ነው። ማንም ሳይሞት ሁለት ሰዓት ተበቅሎ ይወጣል። ጠመንጃ አለመኖሩም አንድ ነገር ነው። ምንሽርም ክላሽም መግዣ ይፈልጋሉ። ቡጢ ግን ድሃም አለው። ቀጭኑ ልጅ ግዙፉን ሲጥል አግዳሚው ሁሉ ብድግ የሚለው ለዚህ ይመስለኛል።

የአሠራሩም ነገር ረድቷል። የድሮዎቹ ሆንግ ኮንጎች ድብድቡን የሚቀርፁት ራቅ ብለው ነው። ከራስ ጸጉር እስከ እግር ጥፍር ይታያል። ብዙዎቹ ተዋናዮችና አሠልጣኞች፣ ጃኪ ቻንን ጨምሮ፣ በልጅነታቸው በፔኪንግ ኦፔራ ትምህርት ቤት የተገሩ ናቸው። ሰውነታቸው ራሱ ይናገራል። ድምፁ በኋላ የሚጨመር ስለነበር ቡጢው እንደ ጅራፍ ይጮኻል። የተበላሸ ካሴት፣ ትንሽ ቴሌቪዥን፣ የታፈገ ቤት፤ እንዲያም ሆኖ ሁሉ ነገር ይለያል። ዛሬ በየሰከንዱ የሚቆራረጡት ፊልሞች ላይ ግን ማን ማንን እንደመታ አይታወቅም። ተዋናዩ አለመቻሉን መሸፈኛ ነው ብል አላፍርም።

እ.ኤ.አ. የ1989ኙ "ኪክቦክሰር" ከሁሉ የተለየ አሻራ ጥሏል። ቫንዳም ወንድሙን ሽባ ያደረገበትን ታይላንዳዊ ለመበቀል ጫካ ገብቶ ይሠለጥናል። የዛፍ ግንድ በቅልጥሙ እየመታ ይጥላል። የእኛ ሰፈር ልጆች ባህር ዛፍ ላይ ሞከሩት። ባህር ዛፍ አይወድቅም። አንድ ጓደኛዬ ቅልጥሙ አብጦ ሁለት ሳምንት አነከሰ፤ እናቱ በሞቀ ጨው ውሃ ሲያሹት ጥርሱን ነክሶ ዝም አለ። ካለቀሰ ልምምዱ ይፈርሳል ብሎ ያምን ነበር። ከእንዲህ ያሉት ልጆች ኋላ ወደ ቴኳንዶና ውሹ ክለብ የገቡ አሉ።

ቪዲዮ ቤቶቹ ዛሬ አብዛኞቹ ተዘግተዋል። ሱቅ ወይም ፀጉር ቤት ሆነዋል። ፊልሙ ግን ወደ ስልክ ገብቷል። ኔትወርክ በሌለበት ሰሞንም ከሚሞሪ ወደ ሚሞሪ ይገለበጣል። በአማርኛ የሚተረክ ትርጉም ፊልምም ስላለ ቋንቋው የሚቸግረው ሰው የለም።

ባለፈው ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ሦስት እረኞች አንድ ስልክ ከበው አየሁ። ፀሐዩን ለመከለል ጋቢ ከላይ ጥለውበታል። ፊልሙ ሲገለበጥ መጀመሪያው ተቆርጧል፤ የሚጀምረው ልጁ ውሃ ሲቀዳ ነው። አራተኛው ከብቶቹን መልሶ እየሮጠ መጣ። ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ጭንቅላቱን አስገባ። ትልቁን ልጅ "አያ፣ ማንን ገደሉበት?" አለው።

"እኛም አላየነው። እናቱን ይመስለኛል።"