በጸሎት ውስጥ ስለሚጠራው የንጉሥ ስም

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የአዲስ ንጉሥ ስም በቤተ ክርስቲያን ጸሎት ውስጥ ሲገባ በአንዳንድ ምእመናን ዘንድ የሚታየው ጠባይ ያሳዝነኛል። ንጉሡን የወደዱት ስሙ ሲጠራ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አሜን» ይላሉ፤ ያልወደዱት ደግሞ ከንፈራቸውን ገጥመው ቀጣዩ ልመና እስኪጀመር ይጠብቃሉ። ሁለቱም ወገኖች ስሙ የተጠራውን ሰው ነፍስ ረስተውታል።

ቅዱስ ጳውሎስ ለልጁ ለጢሞቴዎስ «ልመናና ጸሎትም ምልጃም ምስጋናም ስለ ሰዎች ሁሉ ስለ ነገሥታትና ስለ መኳንንትም ሁሉ እንዲደረጉ ከሁሉ በፊት እመክራለሁ» ብሎ ጽፎለታል (1ኛ ጢሞ. 2፥1-2)። በሐዋርያው ዘመን በሮም ዙፋን ላይ የነበረው ክርስቲያኖችን ያሳደደው ኔሮን መሆኑን እያሰብን ይህን ቃል ስናነብ፣ ትእዛዙ ንጉሡ ደግ ሲሆን ብቻ የሚፈጸም እንዳልሆነ እንረዳለን። ሐዋርያው ወረድ ብሎ እግዚአብሔር ሰዎች ሁሉ እንዲድኑ እንደሚወድ ይነግረናል፤ ዘውድ የጫነውም ሰው ከእነዚህ «ሰዎች ሁሉ» አንዱ ነው፤ ኃጢአት አለበት፣ ሞት ይጠብቀዋል፣ ከእኛ የሚበዛ የሚጠየቅበት ነገርም አለው። በባሮክ መጽሐፍ ምዕራፍ 1 ላይ እንደምናነበው፣ አገራቸው የፈረሰባቸው ምርኮኞች በኢየሩሳሌም ለቀሩት ወገኖቻቸው ስለ ናቡከደነፆርና ስለ ልጁ ስለ ብልጣሶር ሕይወት እንዲጸልዩ ልከውባቸዋል፤ ያውም ሁለቱን በስም ጠርተው።

በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን 2022 ሲያርፉ፣ ከ1952 ጀምሮ ሰባ ዓመት ሙሉ ሲጠራ የኖረው ስም ከጸሎቱ ወጥቶ የንጉሥ ቻርልስ ስም ገባ። በእ.ኤ.አ. 1662 የጸሎት መጽሐፋቸውን ያጸደቀው ሕግ ራሱ፣ ስለ ንጉሡና ስለ ቤተሰቡ በሚደረጉ ጸሎቶች ውስጥ ያሉት ስሞች እንደ ዘመኑ እንዲለወጡ ያዝዛል። የንግሥ በዓሉ የተከናወነው ግን ግንቦት 6 ቀን 2023 ነበር፤ ስለዚህ ቤተ ክርስቲያኒቱ ዘውዱ እስኪደፋና ቅብዐቱ እስኪፈስ ሳትጠብቅ ስምንት ወር ያህል አስቀድማ ስለ እርሱ ስትለምን ቆይታለች። ይህን እወደዋለሁ፤ ሸክሙ በተጫነበት ቀን ልመናው ተጀምሯልና። በእነዚያ ቀናት በልማድ «ንግሥታችን» ብሎ ጀምሮ ምላሱ የተሰናከለበት፣ ዕንባም የቀደመው ሽማግሌ ቢኖር፣ እርሱን የምንገሥጽበት ቃል የለንም፤ ለሰባ ዓመት የጸለዩለትን ሰው በአንድ ቀን መርሳት አይቻልም።

የሚያሳዝነው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1688 የእንግሊዝና የስኮትላንድ ንጉሥ ጄምስ ዙፋኑን ካጡ በኋላ ለእርሳቸውና ለዘራቸው ታማኝ ሆነው የጸኑት የስኮትላንድ ኤጲስቆጶሳውያን (በኤጲስቆጶሳት የሚመሩ ክርስቲያኖች) በዙፋኑ ላይ የተቀመጡትን ነገሥታት በስም ጠርተው ለመጸለይ እምቢ አሉ። እስከ 1788 ድረስ፣ የመጨረሻ ተስፋቸው የነበረው የጄምስ የልጅ ልጅ ልዑል ቻርልስ ኤድዋርድ እስኪሞት፣ በዚህ አቋማቸው ቆዩ። ለቀደመው ንጉሥ የማሉትን መሐላ ላለማፍረስ የታገሉትን አላቃልልም፤ በእግዚአብሔር ፊት በሐሰት መናገርን የፈራ ኅሊና ክብር ይገባዋል። ይሁን እንጂ በሕይወት ያለና የሚገዛ ሰው ስም ከምልጃ ተለይቶ አንድ ትውልድ አልፎ ሌላ ትውልድ ሲተካ ማየት ልብን ይሰብራል። በሌላ በኩል ንጉሡን በስም ጠርቶ ያልጸለየውን ካህን በእስራት የሚቀጣ ሕግ ያወጡት ባለሥልጣናት የሠሩት ከዚህ የባሰ ነው እላለሁ፤ በወታደር የተጠበቀ ምልጃ ከንጉሡ ጆሮ አልፎ ወዴት ይደርሳል? በአሜሪካ በፊላደልፊያም ያዕቆብ ዱሼ የተባሉት ካህን አሜሪካ ከእንግሊዝ ነጻነቷን ባወጀችበት ቀን፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1776፣ የእንግሊዙን ንጉሥ የጊዮርጊስን ስም በጸሎት መጽሐፋቸው ላይ በቀለም ሰረዙት። አገዛዙ ሲለወጥ በሕዝብ ጸሎት የሚጠራው ገዢ መለወጡ የማይቀር ነው፤ ነገር ግን ከመጽሐፉ የተሰረዘውን ሰው ክርስቲያን በጓዳው ከመጸለይ የሚከለክለው ማን ነው?

ምናልባት ከእናንተ መካከል በገዢ የተበደለ፣ ስሙን በጸሎት ለመጥራት ጉሮሮው የሚዘጋበት ይኖራል። ለእንደዚህ ያለው ወንድሜ ወይም እኅቴ የሰምርኔሱን ኤጲስቆጶስ ቅዱስ ፖሊካርፐስን ላስታውስ። ይህ አባት ለፊልጵስዩስ ሰዎች በላከው መልእክት ስለ ነገሥታትና ስለ ገዢዎች፣ ስለሚያሳድዷቸውና ስለሚጠሏቸውም ጭምር እንዲጸልዩ መክሯል። ኋላ ወታደሮች ሊይዙት በመጡ ጊዜ የሚበሉትና የሚጠጡት እንዲቀርብላቸው አዘዘ፤ ለራሱም የለመነው የአንድ ሰዓት የጸሎት ጊዜ ብቻ ነበር። በፈቀዱለትም ጊዜ ቆሞ ሁለት ሰዓት ያህል ጸለየ፤ በዕድሜው ያገኛቸውን ሁሉ፣ ታናናሹንም ታላላቁንም እያነሣ፣ ስለ መላዋም ቤተ ክርስቲያን ማለደ። ይህን የሰሙት ጠላቶቹ ሳይቀሩ እንዲህ ያለውን ሽማግሌ ለመያዝ በመምጣታቸው ተጸጸቱ። ስለ ገዢ መጸለይ በደሉን መካድ ወይም ፍርድን መተው ቢሆን ኖሮ ይህ አባት በማግሥቱ ገዢው ክርስቶስን ስደብ ሲለው በእሺታ ባለፈ ነበር፤ እርሱ ግን ለገዢዎች እየጸለየ ለእሳቱ ራሱን ሰጠ።

እናንተም አገልጋዮች ሆይ፣ ስሙን በመጽሐፉ ላይ ከመለወጣችሁ ጋር ሕዝቡ ምን እንደሚለምን አስተምሩት። የዳዊት መዝሙር 71 «አቤቱ፥ ፍርድህን ለንጉሥ ስጥ» ብሎ ከጀመረ በኋላ ለድሆች እንዲፈርድና የችግረኛውን ልጆች እንዲያድን ይለምናል። አዲሱን ስም ባነሣችሁ ቁጥር እነዚህን ድሆች አብራችሁ አንሡ።