«አፍራሾቹ»ን ስናነብ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

እንግሊዛዊው ደራሲ ግሬም ግሪን «አፍራሾቹ» የተባለውን አጭር ልቦለድ ለንባብ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ለንደን ውስጥ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጠራርጎ በወሰደው አንድ ሰፈር፣ መኪና ማቆሚያ በሆነ ባዶ ቦታ ላይ የልጆች ቡድን ይውላል። አጠገባቸው አንድ ቤት ብቻ ቆሟል፤ ግራና ቀኙ ስለፈረሰ በእንጨት ተደግፏል። ባለቤቱ ሚስተር ቶማስ የተባሉ ብቸኛ አዛውንት ናቸው። ልጆቹ «መከረኛው ሽማግሌ» ይሏቸዋል። አዛውንቱ ለበዓል ከከተማ ሲወጡ ልጆቹ ገብተው ቤቱን ከውስጥ እየቦረቦሩ ያፈርሱታል። የመጨረሻውን ግድግዳ የሚጥለው ግን ምንም የማያውቅ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ያየውም ነገር ያስቀዋል።

ይህን ታሪክ በጣም ስለምወደው በጥድፊያ ሲነበብ ያሳዝነኛል። ተደጋግመው ከሚሰሙት አስተያየቶች የተወሰኑትን አንስቼ ጽሑፉ ራሱ ምን እንደሚል ላሳይ።

«ልጆቹ ሽማግሌውን ስለጠሏቸው ነው»

በጣም የተለመደው ስሕተት ይህ ነው፤ ጽሑፉ ግን በግልጽ ይቃወመዋል። የማፍረሱን ሐሳብ ያመጣው ቲ የሚባለው ልጅ ፍራሽ ውስጥ የተደበቀ 70 ፓውንድ ያገኛል። አይሰርቀውም። ከሌላው የቡድኑ ልጅ ከብላኪ ጋር ሆኖ አንድ በአንድ ያቃጥለዋል። ብላኪ ሰውየውን በጣም ትጠላቸዋለህ ወይ ብሎ ሲጠይቀው፣ አልጠላቸውም፣ ብጠላቸውማ ደስታ አይኖረውም ነበር ይላል። ፍቅርና ጥላቻ ለእሱ ባዶ ወሬ ናቸው፤ ያለው ዕቃ ብቻ ነው። አዛውንቱ ሳይጠበቁ ተመልሰው መጥተው ግቢው ውስጥ ባለው ሽንት ቤት ሲቆለፍባቸው ደግሞ፣ ሌሊት እንዳይበርዳቸው ብርድ ልብስ፣ እንዳይርባቸው ምግብ ያቀብሏቸዋል። ቤታቸውን እያፈረሱባቸው ለሰውየው ይጠነቀቃሉ! ጥላቻ ቢሆን ኖሮ ይገባን ነበር። የሚያስፈራው ጥላቻ አለመኖሩ ነው።

ከዚህ ቀደም ብሎ ያለውን የቸኮሌት ትዕይንትም ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሚስተር ቶማስ ለልጆቹ ቸኮሌት ይሰጣሉ። ልጆቹም ጉቦ መስሏቸው፣ ጉቦ እንደማይቀበሉ ለማሳየት ጧቱን ሙሉ ግድግዳቸው ላይ ኳስ ሲያነጥሩ ያረፍዳሉ። ደግነትን ደግነት ብሎ መቀበል ለእነዚህ ልጆች እንግዳ ነገር ነው። ለእኔ የታሪኩ ልብ እዚህ ጋ ነው።

«ምፀት ማለት ሽሙጥ ነው»

ታሪኩ በምፀት፣ ማለትም በሚባለው ወይም በሚጠበቀው ነገርና በእውነቱ መካከል ባለ ተቃርኖ፣ የተሞላ ነው። ሽሙጥ የምፀት አንዱ መልክ ብቻ ነው። አንዳንዶች ደግሞ ከሰምና ወርቅ ጋር ያመሳስሉታል። በሰምና ወርቅ ባለቅኔው ሁለቱንም ትርጉም ያውቃል፤ ሆን ብሎ ደብቆታል። በምፀት ግን ብዙ ጊዜ ተናጋሪው ወይም ባለጉዳዩ የነገሩን ሌላ ገጽ አያውቅም፤ የሚያውቀው አንባቢው ነው። ሚስተር ቶማስ የኮከብ ቆጠራ ትንቢታቸው ከባድ አደጋ እንዳለ ማስጠንቀቁን ሲናገሩ፣ አደጋው ቤታቸው ውስጥ እየተፈጸመ መሆኑን እሳቸው አያውቁም፤ እኛ ግን እናውቃለን።

የሁኔታ ምፀቱ፣ ማለትም ከሚጠበቀው ተቃራኒ ሆኖ የሚገኘው ነገር፣ ደግሞ ከዚህ ይሰፋል። ቤቱን የሠራው የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል መሐንዲስ ክሪስቶፈር ሬን ነው ይባላል። የ1666ቱ ታላቅ ቃጠሎ ያወደማትን ለንደን መልሰው ከገነቡት ሰዎች ዋነኛው እሱ ነበር። የጀርመን አውሮፕላኖች ያልጣሉትን የእሱን ቤት የለንደን ልጆች ጣሉት። ለዚያውም እንዲሁ በዘፈቀደ አይደለም፤ በሥራ ክፍፍል፣ በሰዓት፣ በዲሲፕሊን። ተራኪው ስለ ማፍረስ የሚናገረው ስለ መፍጠር በሚነገርበት ቃል ነው። ቲ ቤቱን ያወቀውም ሰብሮ ገብቶ ሳይሆን፣ በጨዋ ደንብ ጠይቆ፣ አዛውንቱ ራሳቸው ደስ ብሏቸው ስላስጎበኙት ነው። ምንም ሳይደግፈው የቆመውን ጠመዝማዛ ደረጃ ያሳዩት እሳቸው ናቸው።

«ጦርነቱ መቼት ብቻ ነው»

መቼት ታሪኩ የሚፈጸምበት ጊዜና ቦታ ነው፤ ጦርነቱ ግን ከዚያ በላይ ነው። የመክፈቻውን አንቀጽ ቀስ ብለን እናንብብ። የቡድኑ መሪ ብላኪ ሰፈሩን የመታውን ቦምብ ሲወድቅ ሰምቻለሁ ይላል። ተራኪው ግን ልጁ ያኔ የአንድ ዓመት ሕፃን እንደነበርና ምድር ባቡር ጣቢያ ውስጥ ተኝቶ እንደነበር ሹክ ይለናል። በ1940 እና በ1941 ብዙ የለንደን ነዋሪዎች ሌሊቱን በእነዚህ ጣቢያዎች ያድሩ ነበር። እነዚህ ልጆች ከመፍረሱ በፊት የነበረውን ዓለም አያውቁም። ፍርስራሽ ለእነሱ አደጋ ሳይሆን ሰፈር ነው፤ ለእነሱ እንግዳ የሆነው የቆመው ቤት ነው። ግሪን ይህን ከሩቅ ሆኖ አልጻፈውም። እሱ ራሱ በቦምብ ድብደባው ዘመን የአየር ጥቃት ጥበቃ ሠራተኛ ነበር፤ ለንደን ውስጥ ክላፓም ኮመን አጠገብ የነበረው ያማረ አሮጌ ቤቱም በጥቅምት 1940 በቦምብ ፈርሷል። የልቦለዱ ሰፈር ዎርምስሊ ኮመን ይባላል። ዎርም በእንግሊዝኛ ትል ነው፤ ቲ ራሱ ፖም ውስጥ እንደገባ ትል እንሆናለን ይላል።

«ቲ በተፈጥሮው ክፉ ነው»

ግሪን ፍንጮቹን በጥቂት ቃላት አስቀምጧቸዋል። የልጁ አባት የቤት ንድፍ የሚያወጣ መሐንዲስ ነበር፤ ኑሮው ወርዶ የቢሮ ጸሐፊ ሆኗል። እናቱ ከጎረቤቶቿ እበልጣለሁ ባይ ናት። ሙሉ ስሙ ትሬቨር የባለጸጋ ስም ስለሆነ ያስቃል፤ ቲ ብቻ የተባለውም ለዚህ ነው። ቤቱን ውብ ነው ሲል መሪው ብላኪ ይደነግጣል፤ ቃሉ የሌላ መደብ ቃል ነዋ። ውበቱን ያየው የመሐንዲሱ ልጅ ብቻ ነበር፤ አፍራሹም እሱ ሆነ። ይህን በክፋት ብቻ የሚፈታ አንባቢ አባትየውን ረስቷል።

«ጭብጡ የሰው ንብረት አታጥፉ ነው»

ይህ ምክር እንጂ ጭብጥ አይደለም። ጭብጥ ታሪኩ ሲመረምረው የሚቆየው ጉዳይ ነው። እዚህ ጋ የምናገኘው ጥያቄ፣ ፍርስራሽ ውስጥ ያደገ ልጅ ችሎታውንና ምናቡን ምን ላይ ያውለዋል የሚል ነው።

«መጨረሻው አስቂኝ ነው፤ ደራሲውም ከሾፌሩ ጋር ይስቃል»

እዚህ ጋ ተራኪውን፣ ሾፌሩንና ደራሲውን መለየት ግድ ነው። ሾፌሩ በመኪናው ላይ የታሰረውን ገመድ ሳያይ ሲነዳ ቤቱ ይናዳል። ተቆልፎባቸው ያደሩትን አዛውንት ያወጣቸው እሱ ነው። እሳቸው ቤቴ እያሉ ያለቅሳሉ፤ እሱ በእርስዎ ላይ ክፋት የለኝም፣ ነገሩ ግን ያስቃል ይላቸዋል። አንባቢም ሳያስበው ፈገግ ይል ይሆናል። ያን ፈገግታ አስተውሎ ከማን ጋር እንደቆመ ራሱን መጠየቅ ያለበት ያኔ ነው፤ ግሪን መልሱን አልጻፈለትም። ነገር ግን ሾፌሩ እየሳቀ የሚያስታውሰውን ምስል እንይ። ቤቱ ከአንድ አፍታ በፊት፣ ረጅም ባርኔጣ እንዳደረገ ሰው፣ በፍርስራሹ መካከል በክብር ቆሞ ነበር።