«ቱ ብዋ ፕራን ራሲን»፦ ወቅቱን የሳተ አባባል

ሰኔ ላይ ነው፣ እዚህ ፈረንሳይ። አንድ ችግኝ ሻጭ በፕላስቲክ ዕቃ ያደገ የፒር ችግኝ ይዟል። ገዢዋ «በዚህ ሙቀት ይጸድቃል?» ስትለው «አ ላ ሳንት ካትሪን፣ ቱ ብዋ ፕራን ራሲን» አላት። ተናደድኩ። በቅድስት ካትሪን ዕለት የተተከለ ሁሉ ሥር ይሰዳል ማለት ነው፤ ዕለቱም ኖቬምበር 25፣ በእኛ ኅዳር አጋማሽ ነው።

በዚያ ሰሞን ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። አፈሩ ግን ገና ሞቅ ያለ ነው፣ ዝናብም አርሶታል። ችግኙ ሥሩ ራቁቱን ሆኖ ነው የሚመጣው። በምዕራብ ፈረንሳይ፣ አንዤ ከተማ አካባቢ አንድ አዛውንት ሲተክሉ አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። የተጎዳውን የሥር ጫፍ በመቀስ ከረከሙ። ጭቃ፣ የላም እበትና ውሃ በባልዲ አቦኩ። «ፕራሊን» ይሉታል። ሥሩን ነክረው፣ የተዳቀለበትን እብጠት ከአፈር በላይ አስቀርተው ተከሉት። እያካፋም ቢሆን ውሃ አፈሰሱበት፣ አፈሩ ከሥሩ ጋር እንዲጣበቅ። እንዴት ደስ የሚል ሥራ ነው! መሬቱ ውርጭ ከመታው ወይም ውሃ ከተኛበት ግን አይነኩትም።

ለምን ካትሪን ተመረጠች? እኔ እንደማምነው ለግጥሙ ነው። ኖቬምበር 23 የሳን ክሌማን፣ የቅዱስ ክሌማን ቀን ነው፤ ለተከላ ያው ነው። ግን ቤት የሚመታው ካትሪንና ራሲን፣ ማለትም «ሥር» ነው። ገበሬው ወቅቱን ቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ለጆሮ የምትጥመውን ቅድስት ኋላ ፈለገላት።

«ፕራን» የ«ፕራንድር»፣ «መያዝ» የሚለው ግስ የአሁን ጊዜ ነው፣ ለነጠላ ሦስተኛ መደብ። ፈረንሳዮች ዘወትር የሚሆነውን ነገር የሚናገሩት በዚህ ጊዜ ነው። አንዳንዱ «ፕራንድራ» ብሎ ወደ ትንቢት ጊዜ ይወስደዋል፤ ያኔ የልምድ ምስክርነቱ የሻጭ ዋስትና ይሆናል። ሌላው ሲጽፈው መጨረሻው ላይ የኤስ ፊደል ይጨምርበታል። ድምፁ አንድ ስለሆነ ነው፤ ኤሱ ግን የ«እኔ» እና የ«አንተ» ነው። «ቱ ብዋ»፣ «እንጨት ሁሉ» የሚለውም በልክ ይያዝ፤ ብርድ በሚጠናበት አገር በለስና ወይራ እስከ ጸደይ ይጠብቃሉ።

የእኛም ሰዎች ይህን አባባል ይዛችሁ አገር ቤት ያለውን ዘመድ በኅዳር «ትከል» አትበሉት። በመሃል አገር ደጋ ዝናቡ ያኔ ወጥቷል። መስኖ የሌለው ሰው በሐምሌ ይትከል።