በኪራይ ቤት ማስለቀቅ ፍርድ አፈጻጸም ላይ የሚቀርብ የሦስተኛ ወገን ተቃውሞ በሰሜን ሸዋ

ተከራይ ቤት እንዲለቅ በተሰጠ ፍርድ ላይ የሚቀርብ የሦስተኛ ወገን ተቃውሞ፣ በአከራይና በተከራይ ክርክር ተካፋይ ያልነበረ ሰው ፍርዱ ቢፈጸም የራሱ መብት እንደሚነካ ገልጾ ለፍርድ ቤት የሚያቀርበው አቤቱታ ነው። በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ጉዳዩ በወረዳ ፍርድ ቤቶችና መቀመጫው ደብረ ብርሃን በሆነው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይታያል። የሚመራበት ሕግ በ1958 ዓ.ም. የወጣውና በመላ አገሪቱ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቢሆንም፣ ተቃውሞውን የሚወልደው የየከተማው የቤት አያያዝ ነው።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲና የኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት ከተማ በመሆኗ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ተማሪና ሠራተኛ ይበዛባታል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር ባሉት በደብረ ሲናና በሸዋ ሮቢት ደግሞ የንግድ ቤት ኪራይ የተለመደ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ዋናው ቤት ለአንዱ፣ ከጀርባ ያሉት ሰርቪሶች ለሌሎች ይከራያሉ። ካርታው በሟች አባት ስም እንዳለ ኪራዩን የሚሰበስበው አንዱ ልጅ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ውሉም በቃል የተደረገ ወይም በአንድ ወረቀት ላይ በሁለት ምስክር ፊት የተፈረመ ይሆናል። በዚህ ሁኔታ «አከራይ» እና «ተከራይ» ተብለው በመዝገቡ ላይ የሰፈሩት ሰዎች በቤቱ ላይ መብት ያላቸውን ሁሉ ላይጨምሩ ይችላሉ።

ክርክሩ ገና ፍርድ ካላገኘ መብቴ ይነካል የሚል ሰው በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 41 መሠረት ጣልቃ ገብቶ መከራከር ይችላል። ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ዋናው በር አንቀጽ 358 ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት በክርክሩ ውስጥ መግባት የሚገባው ወይም ሊገባ ይችል የነበረ፣ ፍርዱ መብቱን የሚነካበት፣ ራሱም ሆነ ወኪሉ በክርክሩ ያልተካፈለ ሰው ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት መቃወሚያ ማቅረብ ይችላል። አቤቱታው የሚቀርበው ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ሲሆን፣ ፍርድ ቤቱ ግራ ቀኙን ሰምቶ ፍርዱን ሊያጸና፣ ሊያሻሽል ወይም ሊሰርዝ ይችላል። «ከመፈጸሙ በፊት» የሚለው ገደብ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነው። ቤቱ ተለቆ ለፍርድ ባለመብቱ፣ ማለትም ለተፈረደለት ወገን፣ ከተሰጠ በኋላ የሚመጣ ሰው በዚህ መንገድ ሊስተናገድ አይችልም፤ መብት አለኝ የሚል ከሆነ ራሱን የቻለ ክስ መመሥረት ይኖርበታል። መቃወሚያ ማስገባት በራሱ አፈጻጸሙን ያቆማል ብሎ መዘናጋትም አደገኛ ነው፤ አቤቱታ አቅራቢው የዕግድ ትእዛዝ እንዲሰጥለት ለይቶ መጠየቅ አለበት።

ከዚህ ጋር በተደጋጋሚ የሚምታታው አንቀጽ 418 ነው። ይህ ድንጋጌ የሚመለከተው ለፍርድ ማስፈጸሚያ የተያዘ ንብረት የእኔ ነው የሚል ሰው የሚያቀርበውን ተቃውሞ ነው። ቤት አስለቅቆ ማስረከብ ግን ንብረት ይዞ መሸጥ አይደለም። ሁለቱ በአንድ መዝገብ የሚገናኙት ፍርዱ ተከራዩ ቤቱን እንዲለቅና ውዝፍ ኪራይ እንዲከፍል አንድ ላይ ሲያዝ ነው። ለውዝፉ ሲባል በሱቁ ውስጥ ያለ ዕቃ ከተያዘ፣ ዕቃውን በአደራ ያስቀመጠው ነጋዴ በአንቀጽ 418 ይመጣል፤ በቤቱ ላይ መብት አለኝ የሚለው ሰው ደግሞ መንገዱ አንቀጽ 358 ነው። አቤቱታውን በተሳሳተ አንቀጽ ላይ መመሥረት ቀነ ቀጠሮ ያስበላል፤ ቤት የማስለቀቅ አፈጻጸም ደግሞ ጊዜ የሚሰጥ ጉዳይ አይደለም።

ከሁሉ በላይ የፍርድ ቤትን ጥንቃቄ የሚሻው በመመሳጠር የሚመጣ ፍርድ ነው። ቤቱን በእርግጥ የያዘውን ሰው ከመክሰስ ይልቅ፣ ሁለት ሰዎች አከራይና ተከራይ ነን ብለው ይካሰሳሉ፤ «ተከራዩ» ያምናል፣ ፍርድ ይሰጣል፣ የአፈጻጸም ትእዛዙም ስለ ክሱ ምንም ሰምቶ በማያውቀው ባለይዞታ ደጃፍ ይደርሳል። በተለይ ያልተከፋፈለ የውርስ ቤት ለዚህ የተጋለጠ ነው፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ከሚኖሩት ወራሾች አንዱ እህቱን ወይም ወንድሙን ለማስወጣት የኪራይ ክርክርን መሣሪያ ሊያደርግ ይችላል። በእንዲህ ያለ ጉዳይ መቃወሚያው እንደ ማዘግያ ሊታይ አይገባም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ያረጋገጠው ፍትሕ የማግኘት መብት በተግባር የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

በሌላ በኩል መብቱን ከተሸናፊው ተከራይ ያገኘ ሰው አቋሙ ደካማ ነው። የተከራይ ተከራይ፣ በተከራዩ ፈቃድ የገባ ዘመድ ወይም ሠራተኛ፣ የተከራዩ መብት ሲያበቃ በቤቱ የሚቆይበት የራሱ መሠረት የለውም። ከፍርድ በኋላ ሆነ ተብሎ እንዲገባ የተደረገ ሰው ሲሆን ጉዳዩ ይብሳል፤ ዓመታት የተሟገተውን የፍርድ ባለመብት እንዲህ ባለ ሰው አቤቱታ ማንገላታት በደል ነው። ስለዚህ ዳኛው የሚያነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ ተቃዋሚው መቼ ገባ፣ በማን በኩል ገባ የሚለው ነው።

በባልና ሚስት የጋራ ቤት ላይ የሚነሣ ተቃውሞም የራሱ መልክ አለው። በክልሉ የቤተሰብ ጉዳይ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። ለንጽጽር ያህል፣ በፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 68፣ የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥም ሆነ ማከራየት የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። ቤቱን ከባል ብቻ የገዛ ሰው ተከራዩን ለማስለቀቅ ፍርድ ሲያገኝ፣ ሽያጩን አላውቅም የምትል ሚስት የምታነሣው ክርክር ኪራዩን አልፎ የገዢውን ባለቤትነት ይነካል። የቀበሌ ቤት ግን ከዚህ ይለያል፤ ከአዋጅ ቁጥር 47/1967 በኋላ በመንግሥት እጅ በገቡ ቤቶች ውስጥ የሟች ተከራይ ቤተሰብ ሊያነሣ የሚችለው የተከራይነት እንጂ የባለቤትነት ጥያቄ አይደለም።

ማስረጃን በተመለከተ ካርታ፣ የውርስ ማረጋገጫ፣ የኪራይ ደረሰኝና የጎረቤት ምስክርነት ዋነኞቹ ናቸው። በተቃዋሚው ስም ያለ የመብራት ወይም የውኃ ሒሳብ በቤቱ መኖሩን ሊደግፍ ይችላል፤ መብቱን ግን ብቻውን አያስረዳም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ የሚያዘው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በሚሠራባቸው ከተሞች ማን ከማን ተከራየ የሚለውን ጥያቄ ያቀለዋል።

በመቃወሚያው ላይ የሚሰጠው ውሳኔ በይግባኝ ወደሚቀጥለው ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል፤ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለበት ከተባለም እንዲህ ያለውን ስሕተት እስከሚያርመው ሰበር ችሎት ይደርሳል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድድ በመሆኑ፣ በወረዳ ፍርድ ቤት የሚከራከር ሰውም በአንቀጽ 358 ላይ የተሰጡ ትርጉሞችን ጠቅሶ መከራከር ይችላል።